በትንሽ መኪና ቀላል ተሳቢ መጎተት፦ ለጎንደር ዳገትና ቁልቁለት

ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም አሮጌ ኮሮላ ያለው ሰው አንድ ቀን ዕቃ ማመላለስ ይመጣበታል። ከማክሰኝት ጤፍ ማምጣት፣ አዘዞ ለሚሠራ ቤት ሲሚንቶ ማድረስ፣ ለሱቅ የለስላሳ ሳጥን መውሰድ። አይሱዙ እንዳይከራይ ዕቃው ያንሳል፣ ኪራዩም አያዋጣም። ያኔ ነው ከመኪናዋ ኋላ ትንሽ ተሳቢ ማሰር የሚታሰበው። ይቻላል። በደንብ ከተሠራና በልኩ ከተጫነ ለዓመታት የሚያገለግል ነገር ነው።

ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው «ሞተሩ ይስበዋል ወይ?» ብሎ ነው። ጎንደር ላይ ግን መጠየቅ ያለበት «ፍሬኑ ያቆመዋል ወይ?» ነው። ዳገት ላይ ሞተር ሲያቅተው መኪናዋ ትቆማለች፤ ዕቃ ቀንሶ እንደገና መሞከር ይቻላል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንቢ ካለ ግን ምንም መቀነስ አይቻልም። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

መጀመሪያ ክብደቱን በወረቀት አስሉ

ከመኪናዋ ጋር የመጣ መመሪያ ደብተር ካለ ፈልጉት፤ ከሌለ የመኪናዋን ዓይነትና ዓመት ይዛችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። አንዳንድ ትንንሽ መኪኖች ደብተራቸው ላይ ተሳቢ ባይጎትቱ ይመከራል የሚል ተጽፏል። የእናንተ እንዲህ የሚል ከሆነ ነገሩ እዚያው አለቀ፤ ዕቃውን በኪራይ አስወስዱ። ቁጥር ከተሰጠ ደግሞ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ፦ የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢና ለሌለው። እዚህ ብየዳ ቤት የሚሠራው ተሳቢ ፍሬን ስለማይገጠምለት የሚመለከታችሁ ሁለተኛው፣ አነስተኛው ቁጥር ነው።

አውሮፓ ውስጥ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ማለፍ አይችልም። እንግሊዞች ከዚህ ሌላ የመኪናዋን የባዶ ክብደት ግማሽ እንዳያልፍ ይከለክላሉ። 950 ኪሎ የምትመዝን መኪና እንግዲህ በእነሱ ልክ 475 ኪሎ ድረስ ትጎትታለች ማለት ነው።

ለጎንደር ይህ ይበዛል እላለሁ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ፋብሪካው 70 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እኛ ጋ ሲደርስ 55 ገደማ ነው የሚሆነው፣ ያውም አዲስ ከሆነ። መንገዱ ደግሞ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል። ስለዚህ የመኪናዋን ክብደት ሲሶ ያዙ፤ ተሳቢው ራሱም ከነብረቱ እዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ለ950 ኪሎ መኪና ሲሶው 300 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ባዶው ተሳቢ 140 ኪሎ ከመዘነ የሚቀራችሁ 160 ኪሎ ነው። ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ 150 ኪሎ ነው፤ እዚያ ላይ አቁሙ። ጤፍም ከሆነ አንድ ኩንታል ተኩል ነው። «አንድ ብትጨመር ምን አላት» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። አትስሙት።

ሰውም ይመዝናል። ተሳቢ ታስሮ መኪና ውስጥ አምስት ሰው መጫን አይሆንም፤ ሹፌሩና አንድ ረዳት ይበቃሉ።

መኪናዋን አስፈትሹ

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ያሉት አሮጌ መኪኖች ከእጅ እጅ እየዞሩ ይሠራሉ። ስለዚህ የምታስሩበት መኪና ያረጀች ብትሆን አይግረማችሁ። መካኒኩ አራቱንም ጎማ ይፍታ። ብዙ ሰው የፊት ፍሬን ሸራ ይቀይርና የኋላውን ይረሳዋል፤ ተሳቢ ሲታሰር ግን የኋላው ሥራ ይበዛበታል።

የፍሬን ዘይቱን ሁለት ዓመት ካለፈው ቀይሩት። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉ ሳይዝ ወለል ድረስ ይገባል። «ፍሬን በጠሰ» ከሚባለው አደጋ ውስጥ ምንም ነገር ሳይበጠስ እንዲህ የሚደርስ አለ። ዶት 4 የተሻለ ሙቀት ይችላል፣ መኪናችሁ የምትቀበለው ከሆነ እሱን አስሞሉ።

የራዲያተሩን ክዳን እዩ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ጎንደር ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ሞተር ደግሞ በደኅና ቀን 90 አካባቢ ነው የሚሠራው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ሞላው ከላላ፣ ተሳቢ ይዛችሁ በአንደኛ ማርሽ ዳገት ስትወጡ መኪናዋ ታፈላለች። አዲስ ክዳን ውድ አይደለም። ቬንቲሌተሩም በሰዓቱ መነሣቱን አረጋግጡ፣ በዝግታ ሲወጣ ንፋስ የለምና።

ማንዋል ከሆነች ፍሪሲዮኑ እንዳልተበላ እዩ። አውቶማቲክ ከሆነች የካምቢዮ ዘይቷ አዲስ ይሁን። ሲቪቲ ካምቢዮ (በጥርስ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ) ባላት መኪና ተሳቢ ባትጎትቱ እመክራለሁ፤ ሙቀት አይወድም፣ ከተበላሸም ጥገናው ከተሳቢው ዋጋ ይበልጣል። ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም ደብተሩ በግልጽ ካልፈቀደ አትሞክሩ።

መጎተቻውን ማስገጠም

መጎተቻው የሚታሰረው ከሻንሲው ጋር ነው። ፓራውልት ላይ አይታሰርም። መኪና ሲበላሽ ገመድ የሚታሰርባት የኋላዋ ቀለበትም ለዚህ አልተሠራችም። ሁለቱ የሻንሲ ክንዶች ከኋላ ሻንጣው ወለል ሥር ያልፋሉ፤ ብረቱ ከሁለቱም ጋር መያያዝ አለበት። ዝገት ካለ መጀመሪያ እሱ ይታይ። በመዶሻ ጫፍ መታ መታ ሲደረግ ድምፁ ከደፈነ ወይም ልጣጭ ከወደቀ ያቺ መኪና ለዚህ ሥራ አትሆንም።

በብየዳ ሳይሆን በቡሎን ይታሰር። የትንሽ መኪና ሻንሲ ስስ ላሜራ ነው፤ ብየዳ ያቃጥለውና ከብየዳው ጠርዝ ይሰነጠቃል። ቡሎኑ ራስ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር መኖሩን እዩ፤ ቁጥር የሌለውን ተራ ቡሎን አትቀበሉ። ከውስጥ በኩል እንደ መዳፍ የሰፋ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ይደረግበት፣ ላሜራው እንዳይቀደድ። ከመጀመሪያው ጭነት በኋላ ዳዶዎቹ ሁሉ እንደገና ይጥበቁ።

ተሳቢው የሚያያዝባት የመጎተቻው የብረት ኳስ ልኳ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ከአሜሪካ በኩል የሚመጣው ሁለት ኢንች የሚባለው 50.8 ነው፤ በዓይን አይለይም። ኳሷ 50 ሆና በላይዋ የሚገጥመው የተሳቢው አፍ ለሁለት ኢንች የተሠራ ከሆነ ጉድጓድ ላይ ሊዘል ይችላል። ሁለቱንም ከአንድ ቦታ ግዙ፣ በካሊፐር አስለኩ። ተጭኖ ሳለ የኳሷ መሐል ከመሬት ከ35 እስከ 42 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን።

ከኳሷ ሌላ ሰንሰለት ግዴታ ነው። ሁለት ሰንሰለት ከተሳቢው ክንድ ሥር ተሻግረው፣ የቀኙ ወደ ግራ የግራው ወደ ቀኝ፣ ከሻንሲው ጋር ይያያዙ። ተሳቢው ከኳሷ ቢወጣ ክንዱ አስፋልት ሳይነካ የተሻገረው ሰንሰለት ላይ ያርፋል። ለመጠምዘዝ የሚበቃ ልልነት ይኑረው፣ መሬት ግን አይንካ።

ተሳቢው ሲሠራ ለበያጁ የምትነግሩት

ስፋቱ ከመኪናዋ አይብለጥ። የጭነት ወለሉ አንድ ሜትር ከአንድ ሜትር ተኩል ይበቃል። ትልቅ ወለል ካለ ትልቅ ጭነት ይመጣል፤ ይህን በደንብ አስቡበት። አክስሉ ከወለሉ መሐል ትንሽ ወደ ኋላ ይሁን። የፊት ክንዱ ረዘም ይበል፤ አጭር ክንድ ያለው ተሳቢ ወደ ኋላ ሲሄድ ወዲያው ይታጠፋል። ባሌስትራ (የብረት ቅጠል ሞላ) ይግባለት፣ ያለ ባሌስትራ ኮብልስቶን ላይ ይዘላል።

ጎማውን በተመለከተ አንድ በጣም የሚጠቅም ነገር አለ። ተሳቢው የመኪናዋን ጎማ እንዲቀበል አድርጋችሁ አሠሩት። ቪትዝና ብዙ አሮጌ ኮሮላዎች አራት ቡሎን በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ነው ያላቸው። ተሳቢውም እንዲሁ ከሆነ አንዷ ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) ለሁለቱም ትሠራለች። አምባ ጊዮርጊስ መንገድ ላይ ጎማ ሲተነፍስ ጎሚስታ ፍለጋ አትንከራተቱም።

ተሳቢው ባዶ ሲሆን ከሾፌሩ ወንበር ላይ በስፖኪዮ አይታይም። ከኋላ ሁለቱ ማዕዘን ላይ ቀጭን ዘንግ ቀለም ያለው ጨርቅ ታስሮበት ይቁም፤ ወደ ኋላ ስትሄዱ ትድናላችሁ።

መብራት

የተሳቢው የኋላ መብራት፣ ስቶፕና ፍሬቻ ከመኪናዋ እኩል መሥራት አለባቸው። ለዚህ ሰባት እግር ያለው ሶኬት አለ። አውሮፓ ውስጥ የሚሠራበት አደራደር የታወቀ ነው፦ 1 የግራ ፍሬቻ፣ ቢጫ ሽቦ። 2 የኋላ ጉም መብራት፣ ሰማያዊ። 3 ማሳ (የኔጌቲቩ መመለሻ)፣ ነጭ። 4 የቀኝ ፍሬቻ፣ አረንጓዴ። 5 የቀኝ የኋላ መብራት፣ ቡናማ። 6 ስቶፕ፣ ቀይ። 7 የግራ የኋላ መብራት፣ ጥቁር። ኤሌክትሪሽያኑ በገዛ ምርጫው ቀለም እንዳይለዋውጥ ይህን ጽፋችሁ ስጡት፤ ነገ ሌላ ሰው ሲጠግነው ግራ አይጋባም።

ማሳው በኳሷ በኩል ያልፋል ብሎ የሚተወው አለ። አይሆንም። ኳሷ ግራሶ ተቀብታ ትነቃነቃለች፣ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። የራሱ ሽቦ ይኑረው። ፍሬቻው ከወትሮው ከፈጠነ ወይም ከዘገየ ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ሪሌ ተጨማሪዎቹን አምፖሎች አልቻለም ማለት ነው፣ ይቀየር። ቀይ አንጸባራቂ ከኋላ ለጥፉ፣ በተለይ ማምሻውን ወደ ደባርቅ መንገድ ጉም ሲወርድ ያስፈልጋል።

ወረቀት

ብየዳ ቤት ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሂዱ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህን ተሳቢ በስሜ መዝግባችሁ ሰሌዳ ትሰጡኛላችሁ ወይ፣ ምርመራው ምን ይጠይቃል፣ በያዝሁት መንጃ ፈቃድ መጎተት እችላለሁ ወይ? መልሱን ይዛችሁ ብቻ ነው ሥራ የሚጀመረው። ከዚያ ኢንሹራንስ ሰጪያችሁ ዘንድ ሂዱና የሦስተኛ ወገን ዋስትናው ተሳቢ ታስሮ ሳለም እንደሚሸፍን በጽሑፍ አስወስኑ። በቃል የተነገረ ነገር አደጋ ሲደርስ ምስክር አይሆንም።

አጫጫን

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ የተሳቢው አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል፣ መንገድ ላይም እንደ ዓሣ ጅራት ይወዛወዛል። ወደ ፊት በጣም ካደላ የመኪናዋ ኋላ ይወርዳል። እነዚህ መኪኖች አብዛኞቹ በፊት ጎማ ነው የሚነዱት፤ ኋላዋ ሲከብድ ፊቷ ይቀላል፣ እርጥብ ኮብልስቶን ዳገት ላይ የፊት ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። መሪውም ይቀላል፣ መብራቱም የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል።

ትክክለኛው ልክ ከጠቅላላው ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶ ኳሷ ላይ እንዲያርፍ ነው። ለ300 ኪሎ ከ15 እስከ 21 ኪሎ ይሆናል። በግምት አትሥሩት፣ መለካት ቀላል ነው። መንገድ ላይ ሰው የሚመዘንበት ዓይነት ሚዛን አግኙ። ተሳቢውን ከነጭነቱ ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ፣ ጎማውን በሁለቱም በኩል በጣውላ ያዙት። ሚዛኑን ከተሳቢው አፍ ሥር አስቀምጡ። ከዚያ የእንጨት ቁራጭ ሚዛኑ ላይ አቁማችሁ አፉን እንጨቱ ላይ አሳርፉት፤ ከፍታው ልክ ኳሷ ላይ ሲሆን የሚሆነውን ያህል ይሁን። ቁጥሩን አንብቡ፣ የእንጨቱን ክብደት ቀንሱ። 8 ኪሎ ካለ አንዱን ከረጢት ወደ ፊት ሳቡ። 35 ካለ ወደ ኋላ ግፉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከለካችሁ በኋላ ዓይናችሁ ይለምደዋል። ወለሉ ላይ ሲሚንቶው የት ድረስ እንደሚመጣ በቀለም ምልክት አድርጉ።

ከባዱ ከታች፣ ከአክስሉ በላይ ይቀመጥ። ሳጥን ከሆነ በሁለት አቅጣጫ ይታሰር፣ በላዩ ሸራ ይልበስ። በግና ፍየል ጭነት አይደሉም፤ ወዲህ ወዲያ ስለሚሉ ሚዛኑን ያዛቡታል። በሌላ መኪና ይሂዱ።

መንዳት

የመጀመሪያውን ጉዞ ባዶውን አድርጉ። ከዚያ በግማሽ ጭነት። ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ጠዋት ማለዳ። ጥር 10 እና 11 ለጥምቀት ከተማው ሲጨናነቅ ተሳቢ ይዞ መውጣት አይታሰብ።

ዳገት ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ማርሹን ቀንሱ። መሐል ላይ ቆሞ እንደገና መነሣት ፍሪሲዮን ያቃጥላል። ከፊት ባጃጅ እየተንፏቀቀ ከሆነ ታች ቁሙና መንገዱ እስኪለቀቅ ጠብቁ። መነሣት ግድ ከሆነ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ፣ ፍሪሲዮኑ መያዝ ሲጀምር ልቀቁት። የሙቀት መለኪያውን እያያችሁ ንዱ፤ ከወትሮው ከፍ ካለ ሳያፈላ ቁሙ።

ቁልቁለት ሌላ ነገር ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። በሁለተኛ የምትወጡትን በሁለተኛ ውረዱ፣ ማርሹንም መውረድ ሳትጀምሩ አስገቡ። አውቶማቲክ ከሆነች ኦቨርድራይቩን አጥፉ፣ 2 ወይም ኤል ላይ አድርጉ። ፍሬን ላይ እግር ጭኖ መውረድ ያግላል። ይልቅ ጠበቅ አድርጋችሁ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ልቀቁ፣ ይተንፍስ፤ እንደገና ሲፈጥን ድገሙ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ፣ መልቀቅ ብዙ ሹፌር የለመደው ነገር ነው። ተሳቢ ታስሮ ይህን ማድረግ ነፍስን መወራረድ ነው፣ የራስን ብቻም አይደለም። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከለሰለሰ ዳር ያዙ፣ ሩብ ሰዓት ያህል አቀዝቅዙ፣ ውሃ ግን አትድፉበት።

ከከተማ ወደ አዘዞ በዚህ መልክ ያለ ችግር ትወርዳላችሁ። ደባርቅ ድረስም ቀለል ያለ ጭነት ይዞ ይኬዳል፣ እዚያ ከፍታው ከ2,800 ሜትር ስለሚያልፍ ሞተሩ የበለጠ እንደሚደክም እያወቃችሁ። ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞን ግን በዚህ ዓይነት ተሳቢ አትውረዱ። ሰንሰለቱም፣ ሁለተኛ ማርሹም፣ አዲሱ የፍሬን ዘይትም ለዚያ ቁልቁለት አይበቁም።

ፍጥነት ከ60 አይለፍ፣ ክረምት ላይ ከዚያም ዝቅ ይበል። ከፊታችሁ ካለው መኪና ጋር ያለውን ርቀት እጥፍ አድርጉት። ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሡ፣ በራሱ ይረጋጋ። መሪ ወዲያ ወዲህ ማለት ያብሰዋል፣ ፍሬን በድንገት መርገጥም እንዲሁ። ቆማችሁ አጫጫኑን አስተካክሉ።

ከ15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር በኋላ አንድ ጊዜ ቁሙ። በእጃችሁ ጀርባ ኩሽኔታው ያለበትን የጎማውን መሐል ንኩ። ሞቅ ያለ ቢሆን ደኅና ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ኩሽኔታው ጠብቋል ወይም ግራሶ የለውም፤ እንዲህ ሆኖ ጉዞ አይቀጠልም። ቡሎኖቹን፣ የኳሷን መቆለፊያና ገመዱንም ያኔውኑ እዩ።

ወደ ኋላ መሄድና መፍታት

እጃችሁን የመሪው ታችኛ ጫፍ ላይ አድርጉ። ተሳቢው ወደ ቀኝ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ እጃችሁን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከሆነ ወደ ግራ። ትንሽ በትንሽ ብቻ። መታጠፍ ከጀመረ ወደ ፊት ሄዳችሁ አቅኑትና እንደገና ጀምሩ፤ በግድ አይስተካከልም። ሰፊ ሜዳ ላይ ሁለት ባዶ ጀሪካን አቁማችሁ በመሐላቸው ተለማመዱ። ረዳቱ በሹፌሩ በኩል፣ በስፖኪዮ በሚታይበት ቦታ ይቁም። ከተሳቢው ኋላ ማንም አይቁም፣ በተለይ ሕፃናት ከተሰበሰቡ መጀመሪያ አርቋቸው።

ስትፈቱ ቅደም ተከተሉን አትለውጡ። መጀመሪያ የተሳቢው ጎማ ሥር ከቁልቁለቱ በኩል መያዣ ይግባ። ድንጋይ አስገብቶ ድንጋዩን መንገድ ላይ ትቶ መሄድ ለሌላው ሹፌር አደጋ ነው፤ በገመድ ከስፖንዳው ጋር የታሰረ ሁለት የጣውላ ቁራጭ ይዘጋጅላችሁ። ከዚያ የመብራቱ ሶኬት ይነቀል፣ ቀጥሎ ሰንሰለቱ ይፈታ፣ የኳሷ መቆለፊያ በመጨረሻ ይከፈት። ጭነት ካለበት ከመኪናዋ ፈትታችሁ አታውርዱ፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ካደላ ክንዱ ተነሥቶ ፊት ይመታል። ከመኪናዋ ሳይፈታ ይራገፍና ባዶውን ፍቱት።